እህቴ ሳታለቅስ የቆየችባቸው ዓመታት

የእህቴ ባል የሞተው በክረምት መግቢያ ላይ፣ ከሶዶ ወደ አረካ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ መንገድ ስቶ ቦይ ውስጥ ሲገለበጥ ነው። ከተሳፋሪዎቹ የሞተው እሱ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ክንዳቸውን ወይም ጎናቸውን ተጎድተው ተረፉ። እህቴ ይህን ልትቀበለው አልቻለችም። «ለምን እሱ ብቻ?» እያለች ለቀስተኛውን ሁሉ ትጠይቅ ነበር።

እኔ ያኔ ሶዶ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። እሷ ታላቄ ናት፤ አረካ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ባሏ ግንበኛ ነበር። ሶዶ የዞን ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ በየቦታው የመንግሥት ቢሮና የሰው ቤት ይሠራ ስለነበር ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። ልጅ አልወለዱም። ሐኪም ቤት ተመላልሰዋል፣ ጸልየዋል፣ በኋላ ግን ነገሩን ትተው ሁለቱ ብቻ መኖርን ለመዱ። እቤታቸው ስሄድ የሚገርመኝ የወሬያቸው አለማለቅ ነበር። እሱ ስለ አሸዋና ስለ ጠጠር ያወራል፣ እሷ ስለ ተማሪዎቿ ታወራለች፤ አንዳቸው የሌላውን ወሬ እንደ አዲስ ይሰማሉ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሷ ከመዘምራኑ ጋር ስትቆም እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣታል።

በሐዘኑ የመጀመሪያ ሳምንት እህቴ አልተኛችም፣ እህልም አልቀመሰችም። ራሷን መሬት ላይ ትጥላለች። አንድ ቀን ከድንኳኑ ተነስታ ነጠላዋን ጥላ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ሴቶች ተከትለው ይዘው መለሷት። በዚያው ዕለት የባሏ ወንድም ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዳት። እዚያ መርፌ ወጓትና ለቤት የሚሆን ኪኒን ሰጧት፤ ትንሽ፣ ክብ፣ ቢጫ ኪኒን። ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ ነው። «እስክትረጋጊ ድረስ ትወስጃለሽ» ነው ያሏት። መቼ እንደምታቆም ግን የነገራት አልነበረም።

ያን ቀን ተኛች። ፊቷ ተፈታ፣ የተጨበጠ እጇ ተዘረጋ። ለሐዘኑ ከሻንቶ የመጣችው እናታችን አጠገቧ ተቀምጣ ትንፋሿን ስታዳምጥ ቆየችና «ጌታ ይመስገን፣ ልጄ አረፈች» አለች። ሁላችንም እፎይ አልን። የሚያብድ ሰው ይዞ ማደር ምን እንደሆነ ያየ ሰው ይህን እፎይታ ያውቀዋል።

ከአርባ ቀን በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኪኒኑም አብሯት ተመለሰ። በዚያ ዘመን ከመድኃኒት መደብር ያለ ሐኪም ወረቀት መግዛት ከባድ አልነበረም፤ የሚሸጠው ሰው ያውቃታል፣ ባሏን ያውቀዋል፣ ያዝንላታል። መጀመሪያ ማታ ማታ ብቻ ትወስድ ነበር። ቆየት ሲል የማታው አላስተኛ አላትና ጨመረች። ከዚያ ደግሞ ጠዋት ክፍል ከመግባቷ በፊት ልቧ እየደለቀ አስቸገራትና ለጠዋቱም አንድ ጀመረች።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ቤቷ ንጹሕ ነው፤ እሷም ንጹሕ ናት። ቦይና የምንለውን ሥራሥር ቀቅላ ከዳጣ፣ ከሚያቃጥለው ማባያ ጋር ታቀርብልኛለች። ስለ ባሏ ሳነሳባት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ በእርግጥም ደህና ትመስላለች። ነገር ግን ስትራመድ እግሯን ጎተት ታደርጋለች፣ ስትናገር ቃሉ ከአፏ እስኪወጣ ትቆያለች። ድስት እሳት ላይ ጥዳ ትረሳለች፤ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ተነስቼ የማወርደው እኔ ነኝ። ባለፈው የነገርኳትን ስጠቅስባት «መቼ?» ትለኛለች። ከመዘምራኑም ወጣች። «ግጥሙ አልያዝ አለኝ» አለችኝ። ሦስት መቶ መዝሙር በቃሏ ታውቅ ነበር ቢባል የሚያምን የሚኖር አልመሰለኝም።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም እያየን ዝም ያልነው ነበር። አታለቅስም። ባሏ በሞተ በዓመቱ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሲያለቅስ እሷ ዳቦ ትቆርስ ነበር።

በዚያው ዓመት ለተማሪዎቼ ስለ ነርቭ ሥርዓት አስተምር ነበር። ነርቭ ከነርቭ እንዴት እንደሚነጋገር፣ በመሀላቸው ባለችው ክፍተት ላይ ምን ዓይነት ኬሚካል እንደሚረጭ ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ። የሚቀሰቅሱ አሉ፣ የሚያረጋጉ አሉ። ከሚያረጋጉት ዋናው ጋባ ይባላል ስል ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ «ጋቢ ነው ያሉት፣ ቲቸር?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። «ጋቢም ብትለው ያስኬዳል፣ ያሞቃል፣ ያስተኛል» ብዬ አለፍኩ። እህቴ በየቀኑ ከምትውጠው ነገር ጋር የማገናኘው ጉዳይ አልመሰለኝም ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለው አንጎል የማንም አንጎል አይደለም፤ ለፈተና የሚጠና ሥዕል ነው።

እናታችን የሞተችው በሁለተኛው ዓመት ነው። ሳንባዋን አሟት ጥቂት ቀን ተኝታ አረፈች። ሻንቶ አጠገብ ካለው ቤታችን እንሰት ጀርባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ባለበት ኮረብታ ላይ ተቀበረች። ሰው እንደ ጉድ መጣ። በእኛ አገር የእናት ለቅሶ ቀላል አይደለም፤ ወንጌል ካመንን ወዲህ ብዙው ሥርዓት ቢቀርም ሴት ልጅ በእናቷ ሬሳ ላይ ዝም ትላለች ተብሎ አይታሰብም። እህቴ ዝም አለች። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። አፈሩ ሲመለስ ሴቶቹ ጮኹ፤ እሷ የጫማዋን ጭቃ በእንጨት ትጠርግ ነበር።

ከጀርባዬ አንዲት የሰፈራችን ሴት ለሌላዋ «ይቺ ልጅ እናቷን አትወድም ነበር እንዴ?» ስትል ሰማሁ።

ዘወር ብዬ አየኋት።

ሰው ከተበተነ በኋላ እህቴን ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር ብቻዋን አገኘኋት።

«እናታችን ናት እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ምንም አይሰማሽም?»

«ይሰማኛል፣ ታ ኢሻው» አለች። በቋንቋችን ወንድሜ ማለት ነው፤ ልጅ ሆነን እንደዚህ ነበር የምትጠራኝ። «ይሰማኛል፤ ግን ከሩቅ ነው። ሌላ ሰው ቤት ውስጥ የሚያለቅስ ይመስለኛል። የማን ቤት እንደሆነ ግን አላገኘውም።»

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። በነጋታው ሶዶ ተመልሼ፣ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስ ጋ ሄድኩ። የሰፈሬ ሰው ናት፤ አንድ እድር ውስጥ ነን፤ በእናቴም ለቅሶ ሻንቶ ድረስ መጥታ ነበር። ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ጠብቄ ስለ እህቴ ነገርኳት። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ስንት ትወስዳለች?» አለችኝ።

የማውቀውን ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ።

«ቲቸር፣ ጋባን ታስተምራለህ አይደል?»

«አስተምራለሁ።»

«እንግዲያው ከዚያ ልጀምርልህ። አንጎል ራሱ የሚሠራው ማረጋጊያ አለ። አንተ ስትደነግጥ፣ የደነገጠው ቦታ ላይ ትንሽ ይረጫል፤ ሥራውን ይሠራል፤ ወዲያው ይነሳል። ሌላው ቦታ እንደነቃ ይቆያል። ስታዝንም ያው ነው። ሐዘኑን አያጠፋውም፤ እንዳይገድልህ ልጓም ይይዝለታል። ኪኒኑ ግን በደም ነው የሚሄደው። የትኛው ቦታ እንደተጨነቀ አያውቅም። ፍርሃት ያለበትም ቦታ፣ ትዝታ የሚያዝበትም ቦታ፣ እግር የሚራመድበትም ቦታ እኩል ይደርሳል። ደርሶም ቶሎ አይነሳም፤ ዛሬ የዋጥከው ነገም ከነገ ወዲያም ደምህ ውስጥ አለ።»

«ግን ኪኒኑ ራሱ ጋባ አይደለም» አልኳት። ይህን መጽሐፌም ይላል።

«አይደለም። ይህ ነው ሰው የማይገባው። ኪኒኑ ከራሱ የሚሰጠው እርጋታ የለውም። የራስህን ጋባ አቅም ነው የሚያበረታው። አንድ ጠብታ ይበቃው የነበረውን እንደ ብዙ ጠብታ ያደርገዋል። አንጎል ደግሞ ዝም ብሎ አያይም፤ ይህ ሁሉ ጸጥታ በዛብኝ ይልና ለራሱ ማረጋጊያ የሚሰጠውን መልስ ይቀንሳል። ለዚህ ነው እህትህ የጨመረችው። አሁን በዚያ ኪኒን ደስታ የምታገኝበት አይመስለኝም። ሳትወስደው ደህና ሆና መዋል ስለማትችል ነው የምትወስደው።»

«መጥፎ መድኃኒት ነው ማለት ነው?»

«አይደለም። እኔ ራሴ በቀን ስንት ሰው አድንበታለሁ። ለጥቂት ቀን ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። ያን ሳምንት ያለ እሱ መኪና ሥር ትገባ ነበር ይሆናል። ሁለት ዓመት መቆየቱ ነው ያበላሸው።» ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «አንድ ነገር ብቻ አደራ። በድንገት እንዳታቆም። አንጎሏ የራሱን ልጓም አላልቶታል፤ ኪኒኑ በአንድ ጊዜ ቢቀርበት የሚይዘው ነገር የለም። የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሰው ትወድቃለች። ልትሞትም ትችላለች። እሷን አምጣልኝ፣ ቀስ እያልን እንቀንሳለን።»

የዚያኑ ቅዳሜ አረካ ሄጄ ይህን ሁሉ ለእህቴ ነገርኳት። ጥሩ አዳመጠችኝ። «በድንገት አላቆምም፣ ሐኪም ቤት እመጣለሁ» አለችኝ። ከትምህርት ቤት ፈተና በኋላ ልትመጣ ተስማማን። ተስማምተን ተለያየን። ከዚያ ንግግር ውስጥ አንድም ቃል እሷ ዘንድ አልቀረም። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔ እንደማንኛውም ሰው የሰማ ሰው ያስታውሳል ብዬ ነበር።

ከፈተናው በፊት በአረካ የሦስት ቀን ጉባኤ ተደረገ። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰባኪ ነበር። እሱ ስለ ኪኒን አልሰበከም፤ እዚያ የነበሩ ሰዎች እንደነገሩኝ ስለ እምነት ነው የሰበከው፣ የተደገፋችሁበትን ነገር ጣሉ፣ በጌታ ብቻ ተደገፉ ነው ያለው። እህቴ ኪኒኖቿን ከቦርሳዋ አውጥታ የቤተ ክርስቲያኑ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለቻቸው። የድሮ የመዘምራን ጓደኞቿ አቅፈዋት እልል አሉ። ከልባቸው ነበር። እነሱም እንደ እኔ እህታቸው እንደጠፋችባቸው ያውቁ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሶዶ እኔ ቤት መጣች። ባለቤቴ በሩን ስትከፍትላት ደንግጣ «እንዴት አምሮብሻል!» አለቻት። እውነትም ዓይኗ ተከፍቷል፤ አረማመዷ ተስተካክሏል።

«ጣልኩት» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «ሙሉ በሙሉ ነጻ ወጣሁ።»

«የነገርኩሽን ረሳሽው?»

«ምን ነገርከኝ?»

እንደገና ነገርኳት። ነርሷ ያለችውን፣ መውደቅ እንዳለ፣ መሞት እንዳለ። ፈገግ አለች። «እኔን እኮ እያየኸኝ ነው። የወደቀ ሰው እመስላለሁ?»

«መድኃኒቱ ገና ከደምሽ አልወጣም። ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው ደህና የሆንሽው። ዛሬውኑ ሆስፒታል እንሂድ።»

«አንተ የመጽሐፍ ሰው ነህ» አለች፤ ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም በፍቅር ነበር ያለችው። «እኔ ሁለት ዓመት ሞቼ ነበር። አሁን ነው የተነሳሁት። ተመልሰሽ ሙቺ ነው የምትለኝ?»

ባለቤቴም ለመነቻት። ነርሷን እቤት ላመጣት ሄድኩ፤ ለሥልጠና ሐዋሳ ሄዳለች አሉኝ። ስመለስ እህቴ በሚኒባስ ወደ አረካ ሄዳለች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው የተደወለልኝ። የደወለችው ከመዘምራኑ አንዷ ናት። ከኋላዋ የብዙ ሰው ጩኸት ይሰማኛል። «ቶሎ ና፣ እህትህን ክፉ መንፈስ ጣላት» አለችኝ። ከነርሷ ጋር በተቀመጥኩበት ቀን የሰማሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። ኮንትራት መኪና ይዤ ሄድኩ።

ስደርስ ቤቷ በሰው ተሞልቷል። ከቀናት በፊት ጀምሮ እንደማትተኛ፣ እጇ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይታየኛል እንደምትል ነገሩኝ። ከዚያ ዛሬ ምሳ ላይ ደርቃ ወደቀች፤ አረፋ ደፈቀች፤ ምላሷን ነከሰች። አሁን ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፎላት ተኝታለች፤ አፏ ደም ነው፣ ቀሚሷ ርሷል። በዙሪያዋ ቆመው እጃቸውን ጭነው ይጸልያሉ። «ውጣ! ውጣ!» ይላሉ። የሚያለቅሱም አሉ። እኔ «መድኃኒት ስላቆመች ነው!» እያልኩ ብጮህም ድምፄ በድምፃቸው ተዋጠ።

የሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ጠጉራቸው የነጣ አረጋዊ። እጃቸውን ከፍ አድርገው ጸሎቱን አስቆሙ።

«ወንድሟ ምንድነው የሚለው?» አሉ።

ነገርኳቸው። ብዙ አላብራራሁም፤ መድኃኒት በድንገት የተወ ሰው እንዲህ ይወድቃል፣ ሆስፒታል ካልደረሰች ትሞታለች አልኩ።

እህቴን ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ጸሎቱን መኪና ላይ እንቀጥላለን» አሉ። «አንሷት።»

ማንም አልተከራከራቸውም። ኋላ ወንበር ላይ አስተኛናት፤ ጭንቅላቷን እኔ ጭኔ ላይ አደረግሁ፤ ሽማግሌው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው እስከ ሶዶ ድረስ በዝግታ ጸለዩ። ባሏ የሞተበትን ኩርባ ስናልፍ እንደገና አንቀጠቀጣት። እኔ ሰውነቷን ብይዘውም የሚንቀጠቀጠው ነገር ከእኔ ጉልበት በላይ ነበር። ሰው ውስጥ ያን ያህል ኃይል እንዳለ አላውቅም ነበር። ከንፈሯ ጠቆረ። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየን «አለች? አለች?» ይላል።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛው ሐኪም በደም ሥሯ መርፌ ሰጣት፤ እዚያው እያየናት መንቀጥቀጡ ለቀቃት። ምን እንደሰጣት ጠየቅሁት።

«ዲያዜፓም» አለኝ።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሽማግሌው ምን እንዳለ ጠየቁኝ። «ያንኑ የጣለችውን ነው የሰጣት» አልኳቸው። «እንግዲህ» ብለው ኮፍያቸውን አደረጉ። አረካ ተመልሰው ለምእመናኑ ምን እንደነገሩ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን የጸሎት ሰዎች ወደ ሆስፒታሉ ሲመጡ ማንም ስለ መንፈስ አንስቶ አያውቅም።

ነርሷ ከሐዋሳ ስትመለስ እህቴን ተረከበቻት። ከሐኪሙ ጋር ሆና የሚቀነስበትን መንገድ አወጣችልን። እህቴ ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ቤት ገባች። በየጊዜው ከኪኒኑ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ፣ ሰውነቷ ሲለምደው እንደገና እየተቀነሰ። ባለቤቴ በምላጭ ትቆርጠው ነበር፤ መጀመሪያ ግማሽ፣ በኋላ ሩብ፣ በመጨረሻ የጥፍር ጫፍ የምታክል። ያን ሁሉ ጊዜ ጠላት ብዬ የያዝኩትን ኪኒን በውኃ እያቀረብኩ «ዋጪ» የምላት እኔ ነበርኩ። ወራት ፈጀ።

ከመቀነሳችን በፊት የነበረው እርጋታ ይቀል ነበር ብል አልዋሽም። የምትቀንሰው እህቴ ሌላ ሰው ሆነች። ድምፅ አትችልም፤ ማንኪያ ሲወድቅ ትጮሃለች። ቆዳዬ ይበላኛል፣ ጆሮዬ ይጮሃል ትላለች። ልጆቼን ትቆጣለች፣ ከዚያ ታቅፋቸዋለች። «ለምን አትተውኝም? የቀድሞው ይሻለኝ ነበር» ትለኛለች። ነርሷን ስጠይቃት «የራሷ ማረጋጊያ ሥራውን እየለመደ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው» አለችኝ። «ይመለሳል ግን?» አልኳት። «ብዙዎቹ ላይ ይመለሳል» አለች። ሁሉም ላይ አላለችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓዳ ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የባሏን ስም ትጠራለች። ታለቅሳለች። እንደ ሰው አይደለም፤ ከሆዷ የሚወጣ፣ መቋጫ የሌለው ለቅሶ ነው። ልክ ሬሳው ገና ከአስፋልቱ የመጣላት ይመስላል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ከጠዋት ጀምሮ ነው» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የቆየ ለቅሶ ነው።

ሲደክማት ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለችና ጠየቀችኝ።

«የእናታችን ቀብር ላይ ነበርኩ?»

«ነበርሽ።»

«የት ነበርኩ?»

«ሳጥኑ አጠገብ።»

«አላስታውሰውም» አለች። «መሞቷን አውቃለሁ፤ ሲነገረኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ማን ነበር? ዝናብ ነበር? ምን ለብሳ ነበር የተቀበረችው?»

ሁሉንም ነገርኳት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ እንደተቀበረች፤ ዝናብ እንዳልነበረ፣ መሬቱ ግን ጭቃ እንደነበር፤ ከአረካ ተማሪዎቿ ሳይቀሩ እንደመጡ። የምትጠይቀውን ሁሉ መለስኩላት። በመጨረሻ «አልቅሻለሁ?» አለችኝ።

ልዋሻት ፈልጌ ነበር። ዓይኗ ግን ዓይኔ ላይ ነበር።

«አላለቀስሽም» አልኳት።

ሻንቶ እንድወስዳት ለመነችኝ። ቅዳሜ ሄድን። ኮረብታውን ስንወጣ ሦስት ጊዜ ያህል አረፈች፤ ከስታ ጉልበት አልነበራትም። መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። እህቴ ሣሩ ላይ በግንባሯ ወደቀች፤ እናታችንን ልጅ ሆና በምትጠራት ስም እየጠራች አፈሩን በጥፍሯ ቧጠጠችው። የሰፈር ሰዎች ድምፅ ሰምተው ወጡ። ማን ሞተ ብለው ነው የመጡት። ማንም እንዳልሞተ ሲያዩ በርቀት ቆሙ። አንዱ «አሁን ነው እንዴ?» አለ፤ ሌላው ሳቀ። የሚያስረዳቸው ሰው እኔ ነበርኩ፤ ግን እሷን ትቼ ወደ እነሱ አልሄድኩም። የሰው ልጅ ለማልቀስ ጊዜ አለው፤ ጊዜው ሲያልፍበት ያለቀሰ ሰው እብድ ይመስላል። በቀብሩ ቀን ቢያዩዋት ሁሉም አብሯት ያለቅስ ነበር። አሁን የሚያነሳት እንኳ አልመጣም። እኔ ነኝ ደግፌ ያነሳኋት።

ኪኒኑ በመጨረሻ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ወድቃ አታውቅም። ወደ አረካ ተመልሳ ጥቂት አስተማረች፤ ነገር ግን ከተማው አልሆናትም። በአንድ ጊዜ ባልም እናትም የሞቱባት ሴት ሆነች፤ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ሐዘን አልፎታል፤ የሚያጽናናት አልነበረም። ጎረቤት ሲያገኛት የሚጠይቃት ስለ መውደቋ ነው። ዝውውር ጠየቀች፤ ማንም ወደማይፈልገው፣ ሃላሌ አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት ሰጧት። ፍራሿንና አንድ ሳጥን የጭነት መኪና ላይ ጭነን እኔ ነበርኩ ያደረስኳት። መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ንፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ታች በሩቁ የኦሞ ሸለቆ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። የሰጧት ክፍል መሬቱ ጭቃ ነው፤ መስኮቱ መስታወት የለውም። ካርቶን ለጠፍንበት።

ልሄድ ስል መንገዱ ድረስ ሸኘችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ያ እንቅልፍ፣ ያ ድሮ ኪኒኑ የሚሰጠኝ፣ እሱን የመሰለ ተመልሶ ይመጣል?»

«እንደሱ ያለ አይመጣም» አልኳት። «የራስሽ ይመጣል።»

«መቼ?»

አውቶቡሱ ጡሩንባ ነፋ። ተሳፈርኩ። ከኋላ መስኮት ሳያት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጥብቃ ቆማለች፤ እጇን አላነሳችም።

በሚቀጥለው ክረምት ሄጄ ስጠይቃት ሌሊቱን አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብላ እንደምታነጋ ነገረችኝ። ተማሪዎቿ ይወዷታል፤ ጎረቤት አክባሪ ናት፤ ሐዘን ቤት ካለ ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች፤ እዚያም ከሐዘንተኞቹ በላይ ታለቅሳለች አሉኝ የሰፈሩ ሰዎች። እሷ ግን ስለዚህ አላነሳችልኝም። ፊቷ ዕድሜዋን አልፎ ሄዷል። ምሳ አብረን በላን፤ ስለ ባሏ ብዙ አወራችልኝ፤ ስለ አሸዋና ስለ ጠጠር ይነግራት የነበረውን ሳይቀር። ቆየት ብላ ደከመኝ አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ተኝታ እንደሆነ ለማወቅ ትንፋሿን አዳመጥኩ። አልተኛችም ነበር።